ደፉ

በብርኖ ከተማ፣ በጥር፣ ማክሰኞ ማታ፣
ትራሙ መታጠፊያው ላይ ሲጮህ፣ ብረት ከብረት ሲማታ፣
የምለውጠው አንድ ቁጥር ነው፤ አንዲት መስመር፤
አራት የነበረው ሰባት ይሁን፤ ሌላ የለም ነገር።
«ከዛሬ ወዲያ» ይላል ቁጥሩ፣ «ከሰባት ያነሰ ኮምፓይለር
ይህን ላይብረሪ አይገነባም፤ ደጃፉ ላይ ይቅር።»

ራድሚላ ከወንዙ ማዶ ደውላ ትሞግተኛለች፤
«አሥራ አንድ ዓመት ታገሥን፤ ትዕግሥትም ልክ አላት» ትለኛለች።
«ለአንድ ሽማግሌ ኮምፓይለር ብለን፣ እንዳይከፋው፣ እንዳይቆጣ፣
ስንት ጠማማ መንገድ ቀየስን፤ ስንት ሳንካ ከዚያው ወጣ!
አዲሱ ቋንቋ ያወቀው ቃል እኛ ጋ ሲደርስ ይዋጣል፤
ለማይመጣ እንግዳ ወንበር ስንጠብቅ፣ ቤተኛው ቆሞ ያመሻል።»

እውነቷን ነው። አውቃለሁ።
ደፍ ከፍ ሲል ግን እግር እንደሚመታም አውቃለሁ።

ጎርፍ እንዳይገባብን ብሎ አባቴ፣ ድሮ፣ ኮምቦልቻ፣
ደፋችንን በሲሚንቶ ከፍ አደረገው፣ አንድ ስንዝር ብቻ።
ጎርፉ ቀረ። አንድ ቅዳሜ ግን ጋሽ ውብሸት፣ ዓይነ ስውሩ፣
ሃያ ዓመት በለመደው እርምጃ ሲገባ፣ አዲሱን ደፍ አላወቀውም እግሩ።
ቀድሞ የነገረው አልነበረም፤
ለውድቀቱም ጥፋተኛው ስንዝሩ አልነበረም።

ስለዚህ ከመለወጤ በፊት ጠየቅሁ፤ በአራተኛው ላይ ማን አለ?
ሳምንት ሙሉ ዝም። ከዚያ አንድ ደብዳቤ ብቅ አለ።
ከላይ፣ ከወንዙ ምንጭ አጠገብ፣ ዝዴንካ የምትባል ሴት መለሰች፤
የግድብ ውሃ የምትለካ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰች፦
«ማሽኑን የሚቀይር በጀት የለም፤ ጠይቄ ጠይቄ ደከመኝ።
ኮምፓይለሩን ብነካው ሌላው ሁሉ ይፈርሳል ብዬ ጨነቀኝ።
መጋቢት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ስንት እንደሞላ ለከተማችሁ የሚናገረው እሱ ነው።»
ራድሚላ ደጃፍ የሚያልፈውም ወንዝ ያው እሱ ነው።

ኮዱን ከፈትሁ። የሚሰረዘውን መስመር አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤
ዘጠኝ መቶ አርባ። መካከሉ ላይ ማስታወሻ አየሁና ቆምሁ።
የቦሁሚል ነው፤ ካረፈ ሦስት ዓመቱ፤
ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ይላል ሰዓቱ፦
«ይህ ማዞሪያ አስቀያሚ ነው። ለአራተኛው ስል ነው። አፈርሁበት።
ደፉ ከፍ ያለ ቀን፣ ማንም ሆንህ ማን፣ ሰርዘው፤ ሳቅበት።»

አልሳቅሁም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ዘገየ።
ኮድ የእጅ ጽሑፍ የለውም፤ አመሉ ግን ከሰው ሰው ተለየ፤
ከነጠላ ሰረዝ በኋላ ሁለት ክፍተት ይተው ነበር፤ እዚህም ትቷል።
ሰውዬው የለም፤ ልማዱ ተቀምጧል።

መጨረሻው እንዲህ ሆነ፤ አሮጌው ስሪት ለብቻው ቅርንጫፍ ይቆያል፤
አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ቀዳዳው ብቻ ይጣፋል፤
ለሁለት ክረምት፤ ዝዴንካ ጡረታዋን እስክትይዝ ይበቃል።
ራድሚላ አጉረመረመች፤ «ሁለት ቤት ማን ይጠርጋል?»
«እኔ» አልሁ፤ በየካቲት እንደምጸጸት እያወቅሁ።
ከዚያ አራትን አጠፋሁ፤ ሰባትን ጻፍሁ።
ዘጠኝ መቶ አርባ መስመር ወረደ፤
ቦሁሚል ከነክፍተቶቹ ሄደ።

ለሁሉም በሚላከው ማስታወቂያ ላይ፣ ከቁጥሩ፣ ከምክንያቱ በፊት፣
ለጋሽ ውብሸት ያልተነገረውን አስገባሁ በዚያች ሌሊት፦
«ደፉ ከፍ ብሏል፤ እግራችሁን አንሡ።»

ራድሚላ አነበበችው። «ይህ ቴክኒካዊ አይደለም» አለች።
ቆይታ ግን፣ አንድ ፊደል ሳትነካ፣ አጸደቀች።